ደወሉን ያወረደችው መምህርት

ቲቸር ሳህራ መሞቷን የሰማሁት ደገሀቡር፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። የደወለልኝ የድሮ ባልደረባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በሰላም አረፈች» አለኝ። ከሐዘኑ በፊት የተሰማኝ ንዴት ነው። ሳህራ በሰላም ያደረገችው ነገር ኖሮ አያውቅም። ሻይ እንኳ የምትጠጣው ስኳሩ በዝቷል አልበዛም እያለች ከሻይ ቤቱ ባለቤት ጋር ተጨቃጭቃ ነበር።

መኪና አግኝቼ ጅግጅጋ እስክደርስ ቀብሯ አልቋል። በሙስሊሞቹ ደንብ በዚያው ዕለት ነው የቀበሯት። ለቅሶ ቤት ገብቼ እንደተቀመጥኩ አንድ የማላውቀው ጎልማሳ አጠገቡ ላለው ሰው «ጭንቀት ነው የገደላት። የሰውን ሁሉ ጭንቀት ተሸክማ ነው የሞተችው» ሲል ሰማሁት። የለቅሶ ቤት ነውና ዝም አልኩ። አሁን ግን ብዕር ይዣለሁና ልናገር። ሳህራ ደም ግፊት ነበረባት፤ መድኃኒቷን እየረሳች ሁላችንንም ታናድደን ነበር። ከዚያ ውጭ ምን እንደገደላት ሐኪም ይናገር። ጭንቀት አሸነፋት የሚለኝን ሰው ግን እሷ ራሷ ትለው በነበረው ቃል እመልስለታለሁ፦ «ያ ዪሪ?»

በሶማሊኛ «ማን አለ? ማን ተናገረው?» ማለት ነው። የትምህርት ቢሮ ሰው ይሁን የሰፈር ሽማግሌ፣ «ተብሏል» የሚል ቃል ይዞ ከመጣባት፣ ጋርባሳሯን፣ ያንን የሶማሌ ሴቶች የሚደርቡትን ሰፊ ልብስ፣ ወደ ትከሻዋ ወርወር ታደርግና «ያ ዪሪ?» ትላለች። ልብሱ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ያየ ሁሉ ወንበሩን ወደ ኋላ ይስባል። ጠብ እንደማይቀር ስለሚያውቅ ነው።

ከካራማራ ተራራ የሚወርደው መንገድ ከተማ ሲገባ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ እሷ ሳይንስ፣ እኔ አማርኛ እናስተምር ነበር። ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ እየተመላለሰች የሥነ ልቦና ትምህርት ትከታተል ስለነበር፣ መስከረም ላይ ስትመጣ ያነበበችውን ሁሉ እኛ ላይ ታራግፍብናለች። እኔን «ወላል» ትለኛለች፤ ወንድም ማለት ነው። «አንቱ» የሚባል ነገር አታውቅም። እርግጥ በምሥራቅ ያደግን ሁላችንም አንቱታው ይቸግረናል፤ እሷ ግን ሚኒስትር ቢመጣም «አንተ፣ ተቀመጥ» ነው የምትለው።

አንቱ የማትላቸው አስር አለቃ በቀለንም ነበር። አስር አለቃ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ናቸው። በ1970ው ጦርነት ካራማራ ላይ የነበሩ፣ ከዚያ እዚሁ አግብተው እዚሁ የቀሩ፣ በበጋም በክረምትም ካፖርታቸውን የማያወልቁ ሰው። ደወል የሚደውሉትም እሳቸው ነበሩ። ደወላችን ግራሩ ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ የከባድ መኪና ቸርኬ ነው። በፌሮ ብረት ይመታል። አስር አለቃ ከመምታታቸው በፊት ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ካፖርታቸውን ያስተካክላሉ፣ ከዚያ ይመታሉ። ሰዓት አያዩም። የመምህራን ክፍሉን ሰዓት የምናስተካክለው በእሳቸው ነበር።

ሳህራ በዚያው ጦርነት አምስት ዓመቷ ነበር፤ እናቷ ጀርባ ላይ ሆና ነው ከተማውን የለቀቀችው። ይህንን ይዛ አስር አለቃን ታበሽቃቸዋለች።

«አዴር፣ በልጅነቴ ያስደነገጥከኝ አንተ ነህ እኮ!» አዴር አጎት ማለት ነው፤ ሶማሌ ትልቅ ሰውን እንዲህ ነው የሚጠራው።

«እኔ መድፍ አልተኮስኩም ልጄ፤ ስንቅ ክፍል ነበርኩ።»

«የናንተ ስንቅም ያስደነግጣል፤ አይቼዋለሁ።»

ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። እንዲህ ያለ ቀልድ ሌላ ቦታ ቢቀለድ ምን እንደሚከተል አላውቅም፤ እኛ በር ላይ ግን የዘወትር ሰላምታ ነበር።

በ2010 ክረምት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ከተማችን የሆነችውን ሆነች። ሱቅ ተዘረፈ፣ ቤተክርስቲያን ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ። እኛ ሰፈር ዘራፊዎቹ መምጣታቸውን ያየ ሁሉ የብረት ምሰሶ በድንጋይ እየመታ ጎረቤቱን ያስጠነቅቅ ነበር። አንዱ ሲመታ ሌላው ይቀበለዋል፤ ኳኳታው ከመንገድ መንገድ እየተላለፈ ይሄዳል። ለብዙዎቻችን ሕይወታችንን ያተረፈልን ያ ድምፅ ነው።

ሳህራ በዚያ ቀን ጎረቤቷ ወይዘሮ አልማዝን ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ቤቷ አስገብታ ዘጋች። ትልቁ ናቲ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ትንሿ ቤቲ ገና ሦስተኛ ክፍል። በሯ ላይ የመጡት ጎረምሶች «ክርስቲያን ደብቀሻል ተብሏል» አሏት። ወይዘሮ አልማዝ ከውስጥ ሆነው የሰሙትን ነው የምነግራችሁ። ሳህራ በሩ ላይ እንደቆመች «ያ ዪሪ?» አለች። ወደ አንደኛው ጎረምሳ ዞራ «ማን አለ? ስሙን ጥራልኝ! አንተን ማንበብ ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም?» ሄዱ።

ቀኑ አለፈ፣ መንገዱ ተጠረገ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ርዕሰ መምህራችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችግሩ ሁሉን ነገር በሰልፍና በንግግር የሚያስተካክል የሚመስለው መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ቀን አስር አለቃን ጠርቶ «ዛሬ ረዘም አድርገህ፣ ጠንከር አድርገህ ምታው። ሰላም መሆኑን ከተማው ሁሉ ይስማ!» አላቸው። አስር አለቃም የታዘዙትን አደረጉ።

እኔ ሦስተኛ ክፍል ገብቼ እያስተማርኩ ነበር። ብረቱ ሲጮህ ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። ዞር ስል ክፍሉ ግማሹ ባዶ መሰለኝ፤ ልጆቹ ጠረጴዛ ሥር ናቸው። አማራው፣ ሶማሌው፣ ጉራጌው፣ ሁሉም። ቀስ በቀስ አንድ በአንድ ወጡ። ቤቲ ግን አልወጣችም። ጉልበቷን አቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከሥሯ ወለሉ ረጥቧል። ከስምንተኛ ክፍል ደግሞ ናቲ በመስኮት ዘሎ ወጥቶ የሚመታው ሰው ሲፈልግ ሜዳው ላይ ያዙት።

ሌሎቹ ልጆች ቀናት ሲያልፉ ለመዱት። ቤቲ ባሰባት። ደወል ሊደወል ነው ብላ ስታስብ ገና ትንቀጠቀጣለች፤ ማንበብ የምትችል ልጅ ፊደል ጠፋባት፤ አንዳንዱ ልጅም ይስቅባት ጀመር። ርዕሰ መምህሩ እናቷን አስጠርቶ «ጠበል ይዘዋት ይሂዱ፤ እስኪሻላት ቤት ትቆይ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ትደርሳለች» አላቸው። ወይዘሮ አልማዝ የልጃቸውን ቦርሳ ይዘው ሲወጡ ሳህራ በር ላይ አገኘቻቸው።

«ጠበሉን ውሰጃት፤ እኔ አልከለክልሽም። ከትምህርት ቤት ግን አታውጪያት።»

«ምን ላድርግ ሳህራዬ፣ ልጄ እኮ መሳቂያ ሆነች!»

«እኔን ተመልከቺኝ። በጦርነቱ ከሷ አንስ ነበር። ከስደት ስንመለስ ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚለው አይገባኝም ነበር። ማንም ይቺ ልጅ ፈርታለች አላለም፤ ደንቆሮ ናት አሉ። እስከ ዛሬ የድስት ክዳን ሲወድቅ ልቤ ይዘላል። ግን ደንቆሮ እመስላለሁ?»

ወይዘሮ አልማዝ እያለቀሱ ሳቁ። ሳህራ ቀጠለች። «ቤት ካስቀመጥሻት አንጎሏ እውነትም ትምህርት ቤት የሚያስፈራ ቦታ ነው ብሎ ይይዘዋል። ነገ ይዘሻት ነይ። ደወሉን ለኔ ተዪው።»

በማግስቱ ጠዋት ሁላችንም ያየነው ይህ ነው፦ ሳህራ ግራሩ ሥር ወንበር ላይ ቆማ፣ ጋርባሳሯን ወገቧ ላይ አስራ፣ በፒንሳ ከሰንሰለቱ ጋር ትታገላለች። አስር አለቃ ወንበሩን ይዘው «ትወድቂያለሽ ልጄ» ይላሉ። ቸርኬው መሬት ላይ ሲያርፍ እንዳይጮህ ካፖርታቸውን ያነጠፉት እሳቸው ናቸው። ሳህራ እያንከባለለች ወስዳ የሳይንስ ዕቃ ክፍል ውስጥ ቆለፈችበት።

ጉድ ፈላ። ስብሰባ ተጠራ። ርዕሰ መምህሩ «ደወል የሌለው ትምህርት ቤት ገበያ ነው!» ሲል ጀመረ።

«ያ ዪሪ?»

«መመሪያው ነዋ!»

«መመሪያው ልጅ ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብሎ ይማር ይላል?» ብላ ተነሳች። «ስሙኝ። አንድ ቀን ነው፣ አንድ ድምፅ ነው፤ ግን ሁሉም አንጎል ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። የቤቲ አንጎል ገና እየተሠራ ነው። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ነው የተረገጠው፤ እኛ ደግሞ በየክፍለ ጊዜው እዚያው ላይ እየረገጥን እናደርቀዋለን። ወንድሟ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በዚያ ዕድሜ ሞተሩ ተነስቷል፣ ፍሬኑ ገና አልተገጠመም። እሱ ሲፈራ ፍርሃት አይመስልም፤ ድብድብ ነው የሚመስለው። እናንተ ባለጌ ትሉታላችሁ። እኛ ትልልቆቹስ? እንቅልፍ የለንም። የተማሪ ስም እንረሳለን። በትንሽ ነገር እንጮሃለን። አንተ ራስህ ትናንት ቁልፍህን እጅህ ላይ ይዘህ ስትፈልግ አልነበር?»

ክፍሉ ሳቀ። ርዕሰ መምህሩም ሳይወድ ፈገግ አለ። እስኪወሰን ድረስ እሷ በየክፍሉ እየዞረች በር አንኳኩታ ሰዓት እንድትናገር ተስማማን። ስለ ሽማግሌ አንድ ቃል አለመናገሯን ያን ጊዜ ማናችንም አላስተዋልንም።

ቤቲ መንቀጥቀጧ ቀነሰ። ልቧ ቀና ሲል ፊደሏም መመለስ ጀመረ። እኔም ሳህራን ልመርቃት ስል አስር አለቃ ተበላሹ። መጀመሪያ እሑድ ቀን በሩን ከፍተው ተማሪ ሲጠብቁ ተገኙ። ቀጥሎ ምሳ በልተው ምሳ አልበላሁም አሉ። ግራሩ ሥር ይሄዳሉ፣ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ወደ ላይ ያያሉ፣ ይመለሳሉ። አንድ ቀን ክንዴን ያዙኝና በሹክሹክታ «ኮንቮዩ ካራማራን አለፈ?» አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አልቀለዱም።

በቀጥታ ሳህራ ዘንድ ሄድኩ። «አንዷን አዳንሽ፣ ሌላውን ገደልሽ» አልኳት።

«ያ...» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችም። አስር አለቃን በመስኮት ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ሳህራ አፏ ሲዘጋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ከሥነ ልቦናው መጽሐፍ ስለ ልጅ የሚለውን ምዕራፍ ዓይኔ እስኪጠፋ አነበብኩ፣ ወላል» አለችኝ በመጨረሻ። «ስለ ሽማግሌ የሚለውን ዘለልኩት። የሱም አንጎል በዚያ ክረምት ተመትቷል። ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ የድሮው ፍርሃትና የአሁኑ ይደበላለቁበታል። ዛሬ ላይ አስሮ የያዘው ያ ደወል ነበር። እኔ ፈታሁት።»

«ታዲያ ደወሉን እንስቀለው?»

«ልጅቷስ?»

ሁለት ሰው አለ፤ አንዱን የሚያድነው ድምፅ ሌላዋን ያፈርሳታል። እኔ ብሆን ርዕሰ መምህሩ ይወስን ብዬ እተወው ነበር። ሳህራ ግን ሁለት ብርጭቆ የወተት ሻይ ይዛ በር ላይ ወዳለችው የአስር አለቃ የጥበቃ ዳስ ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

«አዴር፣ አጠፋሁ» አለቻቸው። «ደወሉን ለቤቲ ብዬ ነው ያወረድኩት። አንተን አልጠየቅኩህም።»

አስር አለቃ ሻያቸውን ተቀብለው ፉት አሉ። ያን ዕለት ልባቸው ደህና ነበር። «ስመታው የት እንዳለሁ አውቃለሁ፤ ሌላ ምንም አይደለም» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «ግን ልጅ እያስፈራሁ አልደውልም። በቃኝ፤ ይቅር» አሉ።

«አይቀርም!» አለች ሳህራ፣ ጋርባሳሯን እየወረወረች። «አንተም ልጅቷም ያንን ብረት ጥላችሁ አትሸሹም። መደወሉን አንተ ታስተምራታለህ።»

ሥራው ቀስ ብሎ ነው የተጀመረው። ከትምህርት በኋላ ቸርኬውን ከዕቃ ክፍሉ አውጥተው ዳሱ አጠገብ መሬት ላይ አስተኙት። መጀመሪያ ቤቲ ከእናቷ ጋር ራቅ ብላ ቆማ ብቻ አየችው። ሌላ ቀን ቀርባ ነካችው። አስር አለቃ የትኛው መኪና ቸርኬ እንደሆነ፣ ማን እንዳመጣው አጫወቷት። በእንጨት ቆረቆረችው። የተሻላት ሲመስለን ከመንገድ የአንድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ እንደገና ጠረጴዛ ሥር ገባች፣ እንደ አዲስም ተጀመረ። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት እያየ ራሱን ይነቀንቃል። አስር አለቃ ግን እሑድና ሰኞ መደባለቃቸውን ትተው ነበር፤ ልጅቷ የምትመጣበትን ሰዓት ይጠብቃሉና።

ቤቲ ፌሮውን ይዛ ቆማ እጇ አልታዘዝ ያላት ቀን እኔም ነበርኩ።

«ይጮህብኛል» አለች።

አስር አለቃ ጎንበስ ብለው «አንቺ ካልመታሽው እኮ አይጮህም፣ ልጄ» አሏት። «ይኸው፣ ዝም ብሎ ተኝቷል። አንቺን ነው የሚጠብቀው።»

መታችው። ተንቀጠቀጠች። ሳህራ እጇን አጣጥፋ ቆማለች፤ አልቀረበችም፣ አላባበለችም። ቤቲ ፌሮውን አነሳችና ደግማ መታችው፤ ከዚያ ተናዳ መታችው፤ ከዚያ እኛን ረስታ እስኪደክማት መታችው። ሳህራ ወደ እኔ ዞራ «ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አሁን አወቀች» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አለቀስሽ ብላት ትክደኝ ነበር።

ቸርኬው ተመልሶ ግራሩ ላይ ሲሰቀል ሳህራ በየክፍሉ እየዞረች «አሁን ቤቲ ትደውላለች፤ ከዚያ ነገ ሌላ ልጅ» ብላ ተናገረች። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤታችን ደወል የሚመታው በተራ ተማሪ ነው፤ አስር አለቃም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አጠገቡ ቀጥ ብለው ቆመው «አሁን!» ይሉ ነበር። መመሪያው ውስጥ የለም። እስከ ዛሬ ማንም ሊያስቀረው አልቻለም።

ሁሉም አልዳነም። ናቲ ሌላ ጠብ ውስጥ ገባ፣ የአንድ ተማሪ ጥርስ አወለቀ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴው አባረረው። ሳህራ በዚያ ስብሰባ ላይ ሽንጧን ገትራ ተከራከረች። «ለትንሿ ጊዜ ሰጣችሁ፣ ለሽማግሌው ጊዜ ሰጣችሁ፣ ለጎረምሳው ግን የላችሁም! ስለማያሳዝን ነው?» አለች። ተሸነፈች። ናቲ አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ሄደ፤ ጥሩ ወሬ አልሰማንበትም። ለዓመታት ስሙ በተነሳ ቁጥር ያንን ኮሚቴ ትረግም ነበር፤ አንድም ቀን ይቅር ስትል አልሰማኋትም። ይቅር አለማለቷን እኔ እወድላታለሁ።

ከቀብሯ ማግስት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። አዲስ ርዕሰ መምህር መጥቷል፤ ወጣትና ጨዋ ነው። መምህራኑን ባንዲራው ሥር ሰብስቦ «ለቲቸር ሳህራ ክብር ዛሬ ሙሉ ቀን ደወል አይደወልም። በጸጥታ እናስባታለን» አለ። አንገታችንን ደፋን። በር ላይ፣ ከዳሱ ፊት፣ ጡረታ ከወጡ የቆዩት አስር አለቃ በቀለ ካፖርታቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የሁለተኛ ደረጃ ዩኒፎርም የለበሰች ረዘም ያለች ልጃገረድ ቆማለች። ቤቲ መሆኗን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ጸጥታው ሲረዝም አስር አለቃ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ወደ ግራሩ ያያሉ። «ሰዓቱ አለፈ እኮ» አሉ ጮክ ብለው። «ሳህራ የት ሄደች? ደወሉን እንደገና አወረደችው?»

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። አንዱ መምህር ቀስ ብሎ «ዛሬ አይደወልም ተብሏል፣ አባባ» አላቸው።

ቤቲ ቀና አለች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ወረወረችና፣ በጠራ ሶማሊኛ፣ «ያ ዪሪ?» አለች።

ከዳሱ ፌሮውን አነሳች፣ አስር አለቃን ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው፣ አብረው ግራሩ ሥር ሄዱ። ሽማግሌው ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ካፖርታቸውን አስተካከሉ። «አሁን!» አሉ።

መታችው። ርዕሰ መምህሩ እጁን እያወዛወዘ የሆነ ነገር ይናገራል፤ አልሰማነውም። እኔ የማየው የሦስተኛ ክፍልን በር ነበር። ተከፈተ። ሌሎቹም ተከፈቱ። ልጆቹ እረፍት የሆነ መስሏቸው እየተገፋፉ፣ እየጮሁ ሜዳውን ሞሉት። ሄጄ በበሩ ወደ ውስጥ አየሁ። ጠረጴዛ ሥር የቀረ አንድም ልጅ አልነበረም።